ንቅሳትና የሰው ፍርድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለዚህ እትም እንዳዘጋጅ የተሰጠኝ ርእስ «የወጣቱ አለባበስና ሥርዐተ ቤተ ክርስቲያን» የሚል ነበር። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተውሁት። ስለ አለባበስ ከእኔ የተሻሉ መምህራን ብዙ አስተምረውናል፤ ደግሞም ውስጤን የሚቆጠቁጠኝ አንድ ነገር እያለ እርሱን ሸፍኜ ሌላውን ብመክር ግብዝነት ሆኖ ተሰማኝ። የጽሑፍ ክፍሉ ኃላፊ ወንድማችን ነገሩን ከሰማ በኋላ ርእሱን እንድለውጥ ፈቅዶልኛል። ስለዚህ የምጽፈው ስለ ንቅሳት ነው፤ በይበልጥ ግን ንቅሳት ያለበትን ሰው ስናይ በልባችን ስለምንሰጠው ፍርድ ነው።

ባለፈው ዓመት የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ የአባላት መዝገብ ይዤ በአዳራሹ በር አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ከጉባኤው በኋላ አንዲት እኅት ለመመዝገብ መጣች። ነጠላዋን በሥርዐት አጣፍታለች፤ ዐይኗን ከመሬት አላነሣችም። ስሟን ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ፤ መጻፍ ጀመርሁ። ስልክ ቁጥሯ ያለበትን ብጣሽ ወረቀት ልትሰጠኝ እጇን ስትዘረጋ ነጠላዋ ሸርተት አለና ከእጅ አንጓዋ በላይ በጥቁር ቀለም የተነቀሰ የወንድ ስም አየሁ። ብዕሬ ቆመ። ከጎኔ የነበረውን ወንድም ቀና ብዬ አየሁት፤ እርሱም አየኝ። አንዲት ቃል ሳንለዋወጥ ፍርዱን ጨረስን። ከዚያም «እኅቴ፣ መጀመሪያ ንስሐ አባት ይዘሽ ብትመጪ ይሻላል» አልኋት። ንስሐ አባት ይኑራት አይኑራት አልጠየቅሁም። ከእርሷ በፊት የመዘገብኋቸውን ዐሥር ያህል ወጣቶችም እንዲህ ብዬ አልመለስኋቸውም። «እሺ ወንድሜ» ብላ ሄደች። ከሄደች በኋላ «የወዳጇን ስም በክንዷ ጽፋ ቤተ እግዚአብሔር ትመጣለች!» ተባብለን ሳቅን። ይህን የምጽፈው በኀፍረት ነው።

የዚያን ዕለት ወደ ቤት ገብቼ እንደ ልማዴ የአያቴን ግንባር ስሜ ተቀመጥሁ። የሳምሁት መስቀላቸውን ነው። አያቴ በጎንደር ገጠር ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ በግንባራቸው መሐል መስቀል፣ በአንገታቸው ዙሪያ ደግሞ እንደ ድሪ የተደረደረ ንቅሳት አላቸው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስስመው የኖርሁት መስቀል ስለሆነ ንቅሳት መሆኑን እንኳ አስቤው አላውቅም ነበር። ቀን ያየሁት ንቅሳት፣ ማታ የሳምሁት ንቅሳት፤ ቀን ያሣቀኝ፣ ማታ ያስባረከኝ። ይህ እንግዲህ ፍርዴ ከመርፌውና ከጥላሸቱ የመጣ እንዳልነበረ ያሳየኝ የመጀመሪያው ነገር ነው።

አያቴን እንዴት እንደተነቀሱ ጠየቅኋቸው። ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው በገበያ ቀን አንዲት ነቃሽ ወደ መንደራቸው መጣች። ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ በጥብጣ፣ በእሾህ ጫፍ እየነከረች ወጋቻቸው። እናታቸው እጃቸውን ይዘው ነበር። ፊታቸው ሦስት ቀን አብጦ ሰነበተ። ዋጋው አንድ ቁና ገብስ ነው። ለምን እንደተነቀሱ ስጠይቃቸው «ቡዳ እንዳይበላሽ አሉኝ፤ ደግሞ ያልተነቀሰች ማን ያገባታል?» አሉና ሳቁ። እንግዲህ መስቀሉን እርሳቸው አልመረጡትም፤ የእምነታቸው ምስክር ይሆን ዘንድ ያሰቡትም በኋላ እንጂ በዚያን ቀን አይደለም። እኛ ግን ያን ግንባር አይተን «የጥንት ሃይማኖተኛ እናት» እንላለን። ናቸውም፤ ነገር ግን ሃይማኖተኛ መሆናቸውን ያወቅሁት በሌሊት ተነሥተው ሲሰግዱ አይቼ ነው።

አያቴ ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ይኸው መስቀል ሌላ ስም አሰጥቷቸው ነበር። የሰፈሩ ሴቶች «ባለ መስቀሏ ባላገር» እያሉ ይጠሯቸው ስለነበር ለብዙ ዓመታት ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው ያስሩ እንደነበር ነገሩኝ። በትምህርት ቤትም ንቅሳት ከጎጂ ልማዶች ተራ ሲቆጠር ሰምተናል። በጤና በኩል ለተባለው እውነትነት አለው፤ አንድ እሾህ ወይም አንድ መርፌ ለብዙ ሰው ሲሆን የጉበት ቫይረስንም ኤች አይ ቪንም ከአንዱ ወደ ሌላው ያሸጋግራል። ነገር ግን ልማዱ ጎጂ ነው ከማለት ልማዱ ያለባት እናት ኋላ ቀር ናት ወደ ማለት የምንሻገረው በአንድ እርምጃ ነው።

ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ልትሄድ የተነሣች የሰፈራችን ልጅ ደግሞ በግንባሯ ያለው መስቀል ሥራ ያስከለክልሻል ስለተባለች በሚያቃጥል ነገር አስፍቃዋለች። መስቀሉ ጠፍቶ ጠባሳው ቀረ። ከጎንደር ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን እናቶች መካከልም በልጅነታቸው ከጎረቤቶቻቸው ጋር መስቀል የተነቀሱ አሉ፤ በአይሁድ መካከል ሲኖሩ በግንባራቸው ስላለው መስቀል መልስ ሲሰጡ ኖረዋል። ልብ እንበል፤ ምልክቱ ያው አንድ መስቀል ነው። በአንዱ ስፍራ ውበት፣ በአንዱ ስፍራ ባላገርነት፣ በአንዱ ስፍራ ወንጀል፣ በአንዱ ስፍራ ደግሞ እንቆቅልሽ ነው።

በዘመናችን ከተሜው ወጣት በኤሌክትሪክ በሚሠራ መርፌ ይነቀሳል፤ ስሙንም ለውጦ «ታቱ» ይለዋል። አንበሳ አለ፣ የግእዝ ፊደል አለ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ሳይቀር አለ። በታክሲ ውስጥ እጅጌው አጭር የሆነ እንዲህ ያለ ልጅ አጠገባችን ሲቀመጥ ቦርሳችንን ወደ ደረታችን እናስጠጋለን። ዱርዬ ነው፣ ሱሰኛ ነው፣ መንፈስ አለበት እንላለን። የባላገሯን እናት ንቅሳት አይተን «ያላወቀች» ያልን ሰዎች የከተሜውን ልጅ ንቅሳት አይተን «አውቆ የጠፋ» እንላለን። የምናነበው ቆዳቸው ላይ የተጻፈውን አይደለም፤ አስቀድሞ በእኛ ውስጥ የነበረውን ነው።

አሁን ወደ መጽሐፍ ልመለስ። ንቅሳት በተነሣ ቁጥር ሁላችንም የምንጠቅሰው ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28ን ነው። እኔም በዚያ እሑድ ቢጠይቁኝ የምመልሰው እርሱን ነበር። ነገር ግን ምዕራፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤው አላውቅም ነበር። እስቲ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ግለጡና አብረን እንየው። በቁጥር 27 የራስ ጠጕርን ዙሪያና የጢምን ጠርዝ መቆረጥ ይከለክላል፤ ከጠጕር አስተካካይ ቤት ስንወጣ ግን ማንም በዚህ ቁጥር ከሰንበት ትምህርት ቤት አልመለሰንም። በቁጥር 14 መስማት የተሳነውን መስደብና በዐይነ ስውር ፊት መሰናክል ማኖርን ይከለክላል። በቁጥር 15 በፍርድ ለሰው ፊት እንዳናደላ ያዝዛል። በቁጥር 16 በሕዝብ መካከል ወሬ እያመላለሱ መዞርን ያወግዛል። በቁጥር 18 ደግሞ ጌታችን ከታላላቆቹ ትእዛዛት ሁለተኛይቱ ያላት፣ ባልንጀራን እንደ ራስ የመውደድ ትእዛዝ አለች። እንግዲህ እኔና ያ ወንድሜ በመዝገብ ጠረጴዛው ላይ ቁጥር 28ን በእጃችን ይዘን ቁጥር 15ን፣ 16ንና 18ን በእግራችን ረግጠን ነበር።

ይህን ስል ንቅሳት ደግ ነገር ነው፣ ሂዱና ተነቀሱ ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥19 ያስተምረናል። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ስንጠመቅ በ36ቱ ሕዋሳታችን ቅብዐ ሜሮን ተቀብተን ታትመናል፤ በዐይን የማይታይ ማኅተም አለን። ማተባችንም በአንገታችን አለ። ከዚህ በላይ ሌላ ማኅተም ፍለጋ ለመርፌ መቸኮል ለእኔ ትርፍ ነገር ነው፤ የሚያስብ ወጣት ቢኖር አስቀድሞ ንስሐ አባቱን ያማክር። የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሰውየው ተነቅሶ መጥቷል፤ በር ላይ ቆሟል። እኔ ምን ልበለው?

ምልክት በሰው ላይ ሲደረግ ሁልጊዜ የሚናገረው ስለ ተሸካሚው አይደለም። በግሪክና በሮም ዘመን የሸሸ ባሪያና የተፈረደበት ሰው ፊቱ ላይ ይነቀስ ነበር። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ316 ዓ.ም. ገደማ የተፈረደበትን ሰው ፊት መንቀስ ከልክሏል፤ ምክንያቱም የሰው ፊት በሰማያዊው ውበት አምሳል የተሠራ ስለሆነ ሊጎድፍ አይገባም የሚል ነበር። ወንጀለኛ ነው፤ ፊቱ ግን አምሳል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች በአውሽቪትዝ እስረኞች ክንድ ላይ ቁጥር ይነቅሱ ነበር። ያ ቁጥር ስለ ነቃሾቹ እንጂ ስለ ተነቃሾቹ ምን ይናገራል? ቅዱስ ጳውሎስ በገላትያ 6፥17 የኢየሱስን ምልክት በሥጋው እንደ ተሸከመ ሲጽፍ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ይኸው የባሪያ ንቅሳት የሚጠራበት ቃል ነው። ሌላው የሚያፍርበትን ስም እርሱ መመኪያ አደረገው።

ቃየንንም እናስብ። ብዙ ሰው የቃየን ምልክት የውርደት ምልክት ይመስለዋል። ዘፍጥረት 4፥15 ግን እግዚአብሔር ምልክቱን ያደረገለት ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው መሆኑን ይነግረናል። ወንድሙን የገደለ ሰው እንኳ ምልክቱ መጠበቂያው ነበር። በሕዝቅኤል 9፥4 ደግሞ በኢየሩሳሌም ስለሚሠራው ርኩሰት በሚያለቅሱ ሰዎች ግንባር ላይ ምልክት እንዲደረግ ታዘዘ። በዕብራይስጡ ምልክቱ «ታው» የተባለው ፊደል ነው፤ በጥንቱ አጻጻፍ ቅርጹ መስቀልን ይመስላል። እንግዲህ በመጽሐፋችን በግንባሩ ምልክት ያለበት ሰው የሚያለቅስ ሰው ሊሆን ይችላል።

እኅት ቤተ ክርስቲያናችን የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ትንሽ መስቀል መነቀስ የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ይነቀሳሉ። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚቆሙ ጠባቂዎች ይህን መስቀል አይተው እንግዳውን ያስገባሉ። በእነርሱ በር ንቅሳት የሚያስገባ ሲሆን፣ በእኛ በር ግን በእኔ እጅ የሚያስመልስ ሆነ። ልማዳቸውን እንውሰድ አልልም፤ ነገር ግን የአንዱ ሐዋርያ ልጆች ስንሆን አንድን ነገር እንዲህ በተለያየ ዐይን ማየታችን ቢያንስ ድምፃችንን ዝቅ እንድናደርግ ሊያስተምረን ይገባል።

ሰኔ 24 ቀን የአባ ሙሴ ጸሊም በዓል ነው። የቀድሞ ሕይወቱን ሁላችን እናውቃለን፤ ሽፍታ ነበር። በአስቄጥስ ገዳም ከመነኮሰ በኋላ አንድ ወንድም በደል ሠርቶ አባቶች ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። አባ ሙሴን ሲያስጠሩት ቀዳዳ ዕቃ ውኃ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ፣ ውኃው ከኋላው እየፈሰሰ መጣ። ምንድን ነው ቢሉት የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ እንደመጣ ነገራቸው። ያን ወንድም ይቅር አሉት። ይኸው አባት ሊቀ ጳጳሱ ሊፈትኑት በፈለጉ ጊዜ በቆዳው ጥቁረት ተሰድቦ ከመቅደስ እንዲወጣ ተደርጓል። በቆዳው የተፈረደበት ሰው በሌላው ለመፍረድ እንቢ አለ። ይህን ታሪክ ባለፈው ሰኔ መምህራችን ሲተርኩልን ከኋላዬ የሚፈሰው ድምፅ ተሰማኝ ብል ማጋነን አይደለም፤ ሆኖም ያኔም ልጅቷን አልፈለግኋትም።

በፍልሰታ ጾም አያቴን ለቅዳሴ አደርሳቸው ነበር። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ልወስዳቸው ስመጣ በቅጥር ግቢው ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከአጠገባቸው ያቺ እኅት ተቀምጣለች። እጇ በአያቴ እጅ ውስጥ ነው። እኔን ስታይ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ክንዷን ሸፈነችና ተነሥታ ሄደች። በመንገድ ላይ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ልጅቷን ያውቋታል?»

«አሁን አወቅኋት። ወንድሟ ሞቶባት ነው።»

«በምን አወቁ?»

«ጠየቅኋት። እጇ ላይ ጽሕፈት አየሁ። ልጄ፣ ይህ ምን ይላል፣ እኔ ፊደል አላውቅም አልኋት። የወንድሜ ስም ነው እማማ አለችኝ።»

አያቴ ፊደል አይለዩም። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የምማር ሰው ስለሆንሁ ስሙን በአንድ ዐይን ጥቅሻ አነበብሁት፤ ስላነበብሁትም አልጠየቅሁም።

ወንድሟ በስደት ሲሄድ ባሕር ላይ የቀረ ነው። አስከሬኑ አልመጣም። ለአያቴ የነገረቻቸው ስሙን የምትጽፍበት የመቃብር ድንጋይ ስላጣች በክንዷ እንዳስጻፈችው ነው። ያን ሌሊት ዘሌዋውያን 19፥28ን እንደገና ገለጥሁ። ሁልጊዜ ስጠቅሰው እየዘለልሁ የማልፋቸው ቃላት በመጀመሪያው ላይ አሉ፤ ክልከላው የሚናገረው ስለ ሞተ ሰው ሥጋን ስለ መንጨት ነው። አሕዛብ በሬሳ ላይ ሲያለቅሱ ሥጋቸውን ይቆርጡና ይነቀሱ ነበር፤ ተስፋ የለሽ ኀዘን ነበርና። ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 ተስፋ እንደሌላቸው እንዳናዝን የሚመክረን ስለዚህ ነው። ያ ቁጥር በእርግጥ ለእርሷ የሚሆን ቃል ነበረው፤ እኔ ግን ቃሉን ዱላ አደረግሁት። የሞተባትን ልጅ በር ላይ ማን ነው የሞተብሽ ብሎ የጠየቃት ቢኖር፣ ጸሎተ ፍትሐት እንዳለ፣ አስከሬኑ ባይመጣም ስሙ በጸሎት እንደሚታሰብ ሊነግራት ይችል ነበር። ባሕርም ሙታኑን እንደሚሰጥ በራእይ 20፥13 ተጽፏል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ለፈተና ተዘጋጅቼ ጥሩ ውጤት ያመጣሁበት ትምህርት ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ እዚያው ዛፍ ሥር አገኘኋትና ይቅርታ ጠየቅኋት። «ይሁን» አለች፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ጥቂት ቆይታ «ለፍትሐት ስመ ክርስትናውን ለማን ነው የሚሰጡት?» ስትል ጠየቀችኝ። ወደ ካህናቱ አደረስኋትና እኔ በውጭ ቆምሁ። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝም የእርሷንም የወንድሟንም ስም እንዳልጠቅስ ቃል አስገብታኝ ነው።

በአባላት መዝገቡ ላይ በጥምቀት ማግስት እሑድ በተጻፈው ገጽ፣ ከታች ሁለተኛው ተራ ላይ፣ ስሟ ከነአባቷ ስም ግማሽ ድረስ ተጽፎ ቆሟል። አልሰረዝሁትም፤ የቀረውን ፊደልም በራሴ ልሞላው አልደፈርሁም። እስካሁን ለመመዝገብ አልመጣችም። እሑድ እሑድ ግን ከአያቴ አጠገብ ትቀመጣለች፤ አያቴም ሻሻቸውን ከግንባራቸው ከፍ አድርገው ማሰር ጀምረዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።